ቀልቀሎ ስልቻ፣ ስልቻ ቀልቀሎ፦ የብቸናና የሞጣ መንገደኛ ስንቁን በምን ይይዝ ነበር?

«ቀልቀሎ ስልቻ፣ ስልቻ ቀልቀሎ» ይላል ያገራችን ሰው፣ ሁለት ነገሮች በስም ተለያይተው በግብር አንድ ሲሆኑበት። ተረቱን የፈጠረው ሰው ግን መንገደኛ አልነበረም ብለን እንጠረጥራለን። መንገድ የወጣ ሰው የዕቃን ልዩነት በዓይኑ ሳይሆን በትከሻው ያውቀዋልና። ትንሿን ቀልቀሎ ያነገተና ትልቁን ስልቻ የተሸከመ፣ እኩል ቢነሡም እኩል አይደርሱም።

ወደዚህ ሐሳብ ያመጣን ትልቅ ምርምር አይደለም፤ ቦርሳ ነው። ጥቂት ተማሪዎች ሆነን አንድ ቅዳሜ ወደ እንጦጦ ወጣን። ከመካከላችን አንዱ ለግማሽ ቀን መንገድ የወር አስቤዛ የሚይዝ የጀርባ ቦርሳ አዝሎ መጣ። ቦርሳው ሰፊ ስለሆነ ሞላው፤ ስለሞላው ከበደው፤ ስለከበደው ዳገቱ ወገብ ላይ ቁጭ አለ። ምን ይደረግ፣ ሸክሙን ተከፋፍለንለት ወጣን። ሌላ ጊዜ ደግሞ መናገሻ ጫካ ልናድር ስንሄድ ያው ወንድማችን «አሁንስ ተምሬአለሁ» ብሎ የደብተር ቦርሳ ይዞ ከች አለ። ብርድ ልብሱ ስላልገባለት በውጭ በኩል በሲባጎ አስሮት ነበር። ማታ ዝናብ መጣና ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ አደረ።

ጠዋት እሳት ዳር ክርክር ተነሣ። ለመሆኑ ለአንድ ቀን መንገድ ምን ዓይነት ቦርሳ ይበቃል? ለአዳርስ? ይኼኔ የብቸናና የሞጣ ልጆች የሆኑት ጓደኞቻችን ሳቁብን። «እናንተ የምትከራከሩት ስለ ቦርሳው ነው፤ እኛ አገር መጀመሪያ የሚጠየቀው መንገዱ ነው። ውሎ ገባ ነው ወይስ አዳር?» አሉን። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ሳቅ የተወለደ ነው።

ነገሩን ስንመረምረው አባቶቻችንና እናቶቻችን መያዣ የሚመርጡት በሦስት ጥያቄ መሆኑን ተረዳን። አንደኛ፣ መንገዱ ስንት ሌሊት ያሳድራል? ሁለተኛ፣ ምን ይበላል? ሦስተኛ፣ ማን ይሸከመዋል? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች የሰጡት መልስ እስከ ዛሬ የሚያስደንቅ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ በአፍ ሳይጠየቅ የሚታለፍ ነበር። የእኛ አስተያየት፣ የመያዣ ታሪክ ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚያው ሳይጠየቅ በታለፈው ላይ ነው የሚል ነው።

ከውሎ ገባ እንጀምር። ገበያ፣ ለቅሶ፣ ንግሥ ወይም ዘመድ ጥየቃ ደርሶ ማታውን ለሚመለስ ሰው የተሠራው ዕቃ አገልግል ነው። አገልግል በሰበዝና በአክርማ ይሰፋል፤ በላዩ ቆዳ ይለበጣል፤ ክዳኑ በጠፍር ይታሰራል፤ በማንገቻው ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። ውስጡ ፍትፍት ወይም ወጥ የነካው እንጀራ ይገባል። ቆዳው እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዝ ምግቡ ቀትር ላይ ሲከፈት እንደለሰለሰ ይገኛል። ታዲያ ሙያው ራሱ ጠላቱ ነው። ያው የታፈነው እርጥበት በማግስቱ ምግቡን ያሻግተዋል። ስለዚህ አገልግል የአንድ ፀሐይ ዕቃ ነው። «ትልቅ አገልግል ብይዝ ሦስት ቀን ያደርሰኛል» የሚል ሰው ቢኖር፣ መያዣውን አስፍቶ የሚሻግተውን ማብዛቱ ነው እንጂ ስንቁን ማብዛቱ አይደለም።

ለአዳር መንገድ የተገኘው ብልሃት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከስንቁ ውስጥ ውኃውን ማውጣት። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ሁሉም ውኃቸውን እሳት ወይም ፀሐይ የወሰደባቸው ናቸው። በሶ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፤ ከምንጭ ዳር በውኃ ተበጥብጦ ወይም ተጨብጦ ያለ እሳት ይበላል። መንገደኛው ውኃን ከቤቱ ተሸክሞ አይወጣም፤ መንገድ ላይ ይጨምራል። ዛሬ በውጭ አገር ተራራ የሚወጡ ሰዎች በውድ ዋጋ የሚገዙት የደረቀ ምግብ መሠረተ ሐሳቡ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ለዚህ ደረቅ ስንቅ የሚስማማው ስልቻ ነው። ፍየሉ ሆዱ ሳይሰነጠቅ ቆዳው ሙሉውን ይገፈፋል፤ ይፋቃል፤ ይለፋል፤ እግሮቹ ይታሰራሉ፤ አፉ በጠፍር ይቋጠራል። ስፌት ስለሌለው ዱቄት አያፈስም። በሶው ባለቀ መጠን ቋጠሮው እየወረደ ስልቻው አብሮ ያንሳል። ማታ ተጠቅልሎ ትራስ ይሆናል። ከአባይ ዳር ሲደረስ ደግሞ ባዶ ስልቻ በትንፋሽ ተነፍቶ ሰው ይዞት ወንዙን ይሻገርበታል። ከስልቻ የሚበልጠው አቁማዳ ግን የሰው ዕቃ አይደለም። አቁማዳ እህል የሚጫንበት ነውና የሚፈልገው የአህያ ወይም የአጋሰስ ጀርባ ነው።

የብቸናና የሞጣ መንገደኛ ይህን ያህል የተጠበበው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዚያ ደጋ ተነሥቶ ወደ ጮቄ ያቀና ሰው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ተራራ ይጠጋል፤ ወደ አባይ የወረደ ደግሞ ንዳድ ካለበት በረሃ ይገባል። አንዱን ሌሊት በውርጭ፣ ሌላውን በሙቀት ያሳልፋል። ለሁለቱም የሚሆን ሁለት ሻንጣ ልብስ ይዞ አይዞርም። ጋቢው ቀን ልብስ፣ ሌሊት አልጋ ነው። የክረምት መንገድ ከሆነ ገሳ ይደርባል። ገሳው መንገደኛውንም ያነገተውንም ስንቅ አንድ ላይ ከዝናብ ይከልላል። ያ በሲባጎ ብርድ ልብስ ያሰረው ጓደኛችን ይህን ቢያውቅ ኖሮ እንዴት በተረፈ!

እዚህ ላይ ግን ማለፍ የማይገባን ነገር አለ። ያን ስልቻ ማን አለፋው? ያን አገልግል ማን በቆዳ ለበጠው? ቆዳ የሚፋቀው ሰው በኅብረተሰባችን «ፋቂ» ተብሎ ሲሰደብ፣ በቡዳነት ሲጠረጠር፣ ከርስትና ከጋብቻ ሲገለል ኖሯል። መንገደኛው ፋቂው ያለፋውን ስልቻ ትራሱ አድርጎ ይተኛል፤ ስንቁን ከውስጡ አውጥቶ ይበላል፤ ከሠሪው ጋር ግን በአንድ ገበታ ለመቀመጥ ይጸየፋል። ያገር ባህል እያልን ስለ አገልግል ውበት ስናወራ ይህን መዘንጋት ግማሽ ታሪክ ማውራት ነው።

ከመንገደኞች ሁሉ የቀለለ ሸክም የነበረው የቆሎ ተማሪ ነው። ምሥራቅ ጎጃም በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ወርቅና በመርጡለ ማርያም የታወቀ የትምህርት አገር ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። የቆሎ ተማሪ ከቤቱ ሲወጣ ምን ይዞ ነው የሚወጣው? ደበሎ ይለብሳል፤ ውሻ የሚከላከልበት ዱላ ይይዛል፤ መጽሐፍ ካለው በማኅደር ያነግታል፤ አኩፋዳውን በጎኑ ያንጠለጥላል። አኩፋዳዋ ባዶ ናት። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ ሲቆም ነው ቁራሽና ቆሎ የሚገባባት። እንግዲህ አስተውሉ፤ ሌላው መንገደኛ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ሲወጣ፣ ተማሪው ባዶ ዕቃ ይዞ ይወጣል። ሸክሙ የቀለለው ስንቅ ስለማያስፈልገው አይደለም፤ የስንቁ ጎተራ የባላገሩ ቤት ስለሆነ ነው። እኛም የዘመኑ ተማሪዎች በሕዝብ ሀብት ስንማር አኩፋዳችን ባይታይም አለች።

ከተማሪው ወደ ወታደሩ ስንሄድ ሦስተኛው ጥያቄያችን ጎልቶ ይወጣል። በጥንቱ የጦር ሥርዓት ለሠራዊቱ ሁሉ ስንቅ የሚያቀርብ የተደራጀ ክፍል አልነበረም። ዘማቹ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ክተት ሲታወጅ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ይዘውት የዘመቱት የጎጃም ሠራዊት በዚሁ ሥርዓት የወጣ ነው። ከጎጃም እስከ ትግራይ ያለውን መንገድ ማንም ሰው በአንድ ስልቻ በሶ አይዘልቀውም። ስለዚህ ከጠመንጃ ያዡ ኋላ አህያና በቅሎ፣ አሽከርና ገረድ፣ ሚስትና ልጅ ይከተላሉ። ወንዱ ጋሻውንና ጠመንጃውን በትከሻው ይዞ ሲሄድ፣ ሴቲቱ ዕቃውን በጀርባዋ አዝላ ትከተላለች። ሲሰፈር እሱ ያርፋል፤ እሷ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች። ይህም ሁሉ ሆኖ ስንቁ ሲያልቅ ሸክሙ የሚወድቀው ሠራዊቱ በሚያልፍበት አገር ገበሬ ላይ ነው። የየካቲት 23 ድል የሁሉም ነው ካልን፣ ከጀግኖቹ ስም ዝርዝር አጠገብ እነዚህ ጀርባዎችም ሊቆጠሩ ይገባል።

በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በላይ ዘለቀና ጓደኞቹ በብቸና አውራጃና በአባይ በረሃ ሲዋጉ ጓዝ የሚያስከትል ጦር አይደሉም። አርበኛ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ነው፤ ጓዝ ካበዛ ይያዛል፣ ጭስ ካበዛ ይታያል። እሳት የማይፈልገው በሶና ቆሎ ያን ጊዜ የመንገድ ምግብ ብቻ መሆናቸው ቀርቶ የመሰወሪያ ዘዴም ሆኑ። ነገር ግን በሶው ከሰማይ አልወረደም። አንዲት እናት ገብሱን ቆልታ፣ ፈጭታ፣ በቀልቀሎ ቋጥራ ሰጥታለች። አርበኛው የቀለለው እሷ ስለከበደች ነው። በላይ ዘለቀ ከነጻነት በኋላ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ፤ የእሱን ስም ሕዝብ አልረሳውም። የስንቅ አቀባዮቹን ስም ግን የያዘው ማን ነው?

በዚያው ጦርነት ጊዜ የሞጣን መንገደኛ ሸክም ለብዙ ዘመን የወሰነ አንድ ነገርም ሆነ። ከሞጣ ወረድ ብሎ በአባይ ላይ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን በዓፄ ፋሲለደስ እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ ነበር። የኢጣሊያ ጦር እንዳይሻገርበት መካከሉ ተሰበረ፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለአሠርተ ዓመታት ጎጃምንና ጎንደርን ያገናኝ የነበረው ገመድ ነው። ተሻጋሪው ገመዱን በወገቡ ይታጠቃል፤ ከወዲህና ከወዲያ የቆሙ ሰዎች እየሳቡ በገደሉ ላይ ያሳልፉታል። እንግዲህ የሸክም ልክ እንዴት እንደሚወሰን ከዚህ የበለጠ ምን ያስተምራል? እዚያ ላይ የሚጠየቀው «ቦርሳህ ስንት ይይዛል?» አይደለም፤ «ከማዶ የቆሙት ሰዎች ክንድ ስንት ይችላል?» ነው። ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ2002 በብረት ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ ከፍ ብሎ የተዘረጋ ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ ተሠራ። በገመድ መሳቡ በዚህ አበቃ።

ስለ ብቸናና ሞጣ ተጽፎ የ1960 ዓ.ም. አመፅ አይታለፍም። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የሁለቱ አውራጃዎች ገበሬዎች «መሬታችን ሊለካ ነው፣ ርስታችን ሊሄድ ነው» ብለው ተነሡ። መንግሥት ጦር አዘመተባቸው፤ እነሱም ተዋጉ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ተነሡ፤ ግብሩም በተግባር ሳይሰበሰብ ቀረ። የመንግሥትን ጦር የሚመግበው ግምጃ ቤት ነው። ገበሬውን የሚመግበው ያው የቤቱ ስልቻ ነበር። በአንድ ስልቻ የሚዘመት ጦር ከቤቱ ርቆ አይሄድም። አመፁ ያገሩን ሸንተረር ተደግፎ የተዋጋው፣ ተስፋፍቶም አዲስ አበባን ያላሰጋው፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር፣ በዚህም ይመስለናል።

ከዚያ ወዲህ ዕቃው ተለወጠ። በአቁማዳ ምትክ የፕላስቲክ ጆንያ መጣ፤ ማዳበሪያ ተጭኖበት ስለመጣ ስሙም ራሱ «ማዳበሪያ» ሆነ። እንስራና ቅል ለጀሪካን ቦታ ለቀቁ። የደብተር ቦርሳም መጣ፤ እሱ ደግሞ ሳናስበው አንድ አሮጌ ሕግ አፈረሰ። ባገራችን ልማድ ወንድ በትከሻው እንጂ በጀርባው አይሸከምም፤ ጀርባ የሴት ነበር። ልጇን በአንቀልባ፣ ውኃውን በእንስራ የምታዝለው እሷ ነበረች። ዛሬ ወንዱም ሴቱም ተማሪ በጀርባው አዝሎ ይሄዳል፤ ማንም «እንዴ!» አይልም።

የጀርባ ሸክም ታሪክ በዓለምም ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ ከ5,000 ዓመት በፊት የሞተ ሰው አስከሬን ሲገኝ፣ አጠገቡ የጀርባ መሸከሚያ እንደሆነ የሚታመን የእንጨት ቅርጽ ተገኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካ ውስጥ ኬልቲ የተባለ ሰው የአሉሚኒየም ቅርጽ ያለው የጀርባ ቦርሳ መሥራት ጀመረ። የዚህ ዓይነቱ ቦርሳ ትልቁ ቁም ነገር የወገብ ቀበቶው ነው፤ ሸክሙን ከትከሻ አውርዶ ዳሌ ላይ ያሳርፈዋል። እንስራ ያዘለችን ሴት ያየ ሰው ይህን ብልሃት ያውቀዋል። እንስራው የሚቀመጠው ከወገቧ በላይ ነው፤ ገመዱ ይይዘዋል እንጂ ክብደቱን ብቻውን አይችልም። እናቶቻችን ቀድመው አውቀውታል ብለን ልንኮራ እንችላለን። ኩራቱ ግን የጎበጠ ወገባቸውን እንዳያስረሳን።

አሁን ወደ እሳት ዳር ክርክራችን እንመለስ። ለውሎ ገባ ከ20 እስከ 30 ሊትር የሚይዝ ቦርሳ ይበቃል፤ ውኃ፣ ምሳ፣ የዝናብ ልብስና አንድ ሹራብ ከያዘ ሌላው ትርፍ ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት አዳር ከ40 እስከ 50 ሊትር፤ የወገብ ቀበቶ ያለውና የመኝታው ልብስ ውስጡ የሚገባ ይሁን። ርዝመቱ የሚለካው በሰውየው ቁመት ሳይሆን ከአንገት ሥር ጎላ ብሎ ከሚዳሰሰው አጥንት እስከ ዳሌ አጥንት ባለው ጀርባ ነው። ልምድ ያላቸው ተጓዦች የአዳር ሸክም ከሰውነት ክብደት አንድ አምስተኛ እንዳያልፍ ይመክራሉ፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 12 ኪሎ መሆኑ ነው። ከባዱ ዕቃ ከጀርባ ተጠግቶ መሐል ላይ፣ ቀላሉ ከሥር ይሁን። ሁሉም በፌስታል ተጠቅልሎ ይግባ፤ ገሳ የለንምና። ከሁሉ በፊት ግን የሚገባውን ዕቃ መሬት ላይ ዘርግቶ ማየት፣ ከዚያ ቦርሳውን መምረጥ ነው። ቦርሳ ቀድሞ ከተገዛ እንደዚያ ጓደኛችን እሱን ለመሙላት ዕቃ ይፈለጋል።

ሦስተኛውን ጥያቄም አብረን እንጠይቅ። «ማን ይሸከመዋል?» መልሱ «እኔው» ከሆነ ሸክሙ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል። መልሱ «ሌላ ሰው» ከሆነ ግን መቆሚያ የለውም። ታሪካችን እንዳሳየን ሸክሙን የሚመርጠውና የሚሸከመው ሰው ሲለያዩ ዕቃው ይበዛል፣ የተሸካሚውም ስም ይጠፋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለውም ለዚሁ ነው፤ ሎሚው ያው ነው፣ አከፋፈሉ ነው የተለየው።

በሚቀጥለው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ፣ ከጓዳ ጥግ ወይም ከቆጥ ላይ የተረሳ ስልቻ ወይም አገልግል አይጠፋም። አቧራውን አራግፈን ሁለት ነገር እንጠይቅ። ማን አለፋው? ማን ተሸከመው? የሚመልሱልን አዛውንት ሳያልፉ ስማቸውን በደብተራችን እንጻፈው። ደብተር ቦርሳችንን ያን ያህል አያከብደውም።